መጀመሪያ የመቀመጫዬን

ከደሴ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚገባ አውቶቡስ ደብረ ሲና ላይ ሳይቆም አያልፍም። ቆሎ ይገዛል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ከቆላው ሙቀት የወጣ ሰው ጋቢውን ከሻንጣው ያወጣል። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። ጣርማ በር ላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከቆፈረው ዋሻ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ ይመጣል፤ «ሹፌር፣ እባክህ ለሽንት አቁምልን!»

ረዳቱ በሩን ይከፍታል። ወንዱ ወደ አንዱ ጠርዝ፣ ሴቷ ነጠላ አስይዛ ወደ ሌላው። ሽንት ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሽንት ቤት የት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጉም ስላለ ማንም ማንንም አያይም። ጉሙ ገለጥ ሲል ግን ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከእግራችን ስር፣ ጭላዳዎቹ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ።

ባለፈው ክረምት እዚሁ ቦታ ላይ አንዲት እናት ልጇን ከጥሻው ይዛው ወጣች። ሱሪውን አስታጥቃው ሳትጨርስ ልጁ ወደ ጭላዳዎቹ ሊሮጥ ሲል እጁን ጨብጣ ያዘችው። «እንዳትጠጋቸው! በሽታ አለባቸው» አለችው። አጠገቧ የነበርን ሁሉ ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቀነቅኩ። ነገሩ የቆረቆረኝ አውቶቡሱ ከተነሳ በኋላ ነው። ሃምሳ ሰው ወርዶ፣ ሃምሳ ሰው ሆዱን አቅልሎ፣ ሃምሳ ሰው ተሳፍሮ ሄደ። ጭላዳዎቹ እዚያው ሣራቸው ላይ ቀሩ። እንግዲህ ማን ነው ለማን በሽታ ጥሎ የሄደው?

ከዚያች እናት ጋር ጠብ የለኝም። ልጇን ነው የጠበቀችው። ጠቤ ሁላችንም ከያዝነው አንድ እምነት ጋር ነው፤ በሽታ ከዱር ወደ ሰው ብቻ ይመጣል፣ ከሰው ወደ ዱር የሚሄደው ግን ወሬ ብቻ ነው ከሚለው እምነት ጋር። ይህ እምነት ስህተት ነው። ስህተት ብቻ ቢሆን እንኳ ዝም እል ነበር። ይህ እምነት ግን ሽንት ቤታችንን፣ ወንዛችንንና ልጆቻችንን የምናይበትን ዓይን ጭምር አጥፍቶታል።

ከእኛ ወደ እነሱ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ከተባለ ጀምሮ ያልተከሰሰ እንስሳ የለም። የሌሊት ወፍ ነው ተባለ፤ ፓንጎሊን ነው ተባለ። ከዚያ በፊትም ለኢቦላ የሌሊት ወፍ፣ ለኤችአይቪ ቺምፓንዚ ተጠርተው ነበር። ብዙ ቫይረስ ከእንስሳ ወደ ሰው መሻገሩ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። የሚገርመው ግን የተረቱ ሁለተኛ ክፍል ሳይነገረን መቅረቱ ነው።

ሁለተኛው ክፍል እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዴንማርክ ውስጥ ለቆዳው የሚረባ ሚንክ የተባለ እንስሳ በኮሮና ተያዘ። ያስያዙት ሰዎች ናቸው። ቫይረሱ በእርባታው ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛመት መልኩን ለወጠ፤ ተመልሶም ሰው ያዘ። በኅዳር ወር የአገሪቱ መንግሥት ሚንኮቹ በሙሉ እንዲገደሉ አዘዘ። ከ15 ሚሊዮን በላይ እንስሳ ነው። ሰው አስያዘ፣ ሰው ደነገጠ፣ ሚንክ ሞተ።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አዮዋ በተባለው ግዛት ከሚያዝያ 2020 እስከ ጥር 2021 እ.ኤ.አ. ከአጋዘኖች ከተወሰዱ 283 ናሙናዎች በ94ቱ የኮሮና ቫይረስ ተገኘ። ከሦስቱ አንዱ ማለት ነው። አጋዘን በበረት የሚያድር ከብት አይደለም፤ ጫካ ለጫካ የሚዞር አውሬ ነው። ቫይረሱ እንዴት ደረሰው? ሰው ሲመግበው ይሆናል፣ ከሰው ቆሻሻ ይሆናል፣ ከፍሳሽ ውኃ ይሆናል እየተባለ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ከሰው መምጣቱ ላይ ግን ክርክር የለም።

ወደ ራሳችን አህጉርና ወደ ዝንጀሮ ዘመዶች እንምጣ። ኡጋንዳ ውስጥ ካንያዋራ በሚባለው የኪባሌ ደን ክፍል እ.ኤ.አ. በ2013 ከ56 ቺምፓንዚዎች አምስቱ ሞቱ። የገደላቸው ምን መሰላችሁ? ለእኛ ልጆች ጉንፋን የሚያስይዘው ራይኖቫይረስ ሲ ነው። አይቮሪ ኮስት፣ ታይ ደን ውስጥም በተደጋጋሚ ቺምፓንዚ የፈጀው ሳል ሲመረመር የሰው የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። እኛ ሻይ በዝንጅብል ጠጥተን የምንነሳበት በሽታ ለእነሱ የቀብር ምክንያት ነው።

የደብረ ሲናዎቹስ? እዚህ ላይ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ያበቃል። የኮሮና ቫይረስ ወደ ሕዋስ የሚገባው በሕዋሱ በር ላይ ባለ ኤሲኢ2 በሚባል ጓጉንቸር ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 የብዙ ጦጣና ዝንጀሮ ዝርያዎችን ጓጉንቸር ከሰው ጋር አስተያዩ። በአፍሪካና በእስያ ያሉት ዝንጀሮዎችና ጦጣዎች ሁሉ፣ ቫይረሱ በሚይዝባቸው ዋና ዋና ነጥቦች ላይ፣ ጓጉንቸራቸው ከእኛ ጋር አንድ ዓይነት ነው። እስኪ ቁጠሩ። ጣርማ በር ላይ ጭላዳ አለ። ወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ጉሬዛ አለ። ከዚያ ዝቅ ሲባል ጦጣ አለ። ቆላው ላይ ዝንጀሮ አለ። አራቱም የእኛው ጓጉንቸር አላቸው፤ ቁልፉ ደግሞ በእኛ እጅ ነው።

ውኃ የሚሸከመው

አሁን በታማኝነት መነጋገር ያለብን ቦታ ላይ ደረስን። ፍሳሽ ውስጥ ያለ ቫይረስ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ቫይረስ በስብ ልባስ የተሸፈነ ነው፤ ኮሮናና ኢንፍሉዌንዛ እንደዚያ ናቸው። ስብ ስለሆነ ሳሙና ይፈታዋል፤ ያን ሁሉ ጊዜ እጃችሁን ታጠቡ የተባልነው ለዚህ ነው። ከሰውነት ወጥቶ ፍሳሽ ውስጥ ሲገባም ቶሎ ይፈርሳል። በኔዘርላንድስ አሜርስፎርት ከተማ በ2020 መጀመሪያ ላይ፣ በከተማዋ አንድም ታማሚ ሳይመዘገብ የኮሮና ምልክት ከፍሳሽ ውስጥ ተገኝቷል። የተገኘው ግን የቫይረሱ የዘረመል ቅሪት ነው። ቅሪት አሻራ ነው፤ አሻራ ሰው አይገድልም፣ ዝንጀሮም አይገድልም። ስለዚህ «ኮሮና በፍሳሽ ዱሩን ፈጀ» ብሎ የሚጮህ ሰው ካጋጠማችሁ ቀስ በል በሉት። ስፔን ውስጥ፣ ቫሌንሲያ አካባቢ፣ በዱር የሚኖሩ ሁለት ሚንኮች ኮሮና ተገኝቶባቸው ተመራማሪዎቹ ከጠረጠሯቸው መንገዶች አንዱ ፍሳሽ ውኃ ነበር። ጥርጣሬ ነው፤ ፍርድ አይደለም።

ሌላው ወገን ግን ልብስ የለውም፤ ራቁቱን ነው የሚሄደው፤ ጥንካሬውም እሱ ነው። ፖሊዮ፣ ሄፓታይተስ ኤ፣ የሕፃናት ተቅማጥ የሚያመጣው ሮታ፣ ኖሮ፣ አዴኖ። እነዚህ የጨጓራ አሲድ አልፈው የሚሄዱ ናቸው። ከሆድ ወጥተው ውኃና አፈር ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያሉ። ብርድ ሲሆን ይበልጥ ይቆያሉ፤ ፀሐይና ሙቀት ያዳክማቸዋል። ጉዟቸው በሙሉ ከዓይነ ምድር ወደ አፍ ነው። ማለትም ለእነዚህ ቫይረሶች ፍሳሽ አደጋ ሳይሆን ዋናው መንገዳቸው ነው።

ፖሊዮን እንውሰድ። ቫይረሱ ከያዛቸው 200 ሰዎች ሽባ የሚሆነው አንዱ ገደማ ነው። ሌሎቹ ጤነኛ መስለው ለሳምንታት በዓይነ ምድራቸው ያወጡታል። ለንደንና ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2022 ፖሊዮን ፍሳሻቸው ውስጥ ያገኙት ለዚህ ነው። የእኛ አገርስ? እ.ኤ.አ. በ2013 ሶማሌ ክልል ውስጥ የዱር ፖሊዮ ልጆቻችንን ሽባ አድርጓል፤ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ከክትባት የመነጨው ዓይነት ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝቷል። ይህ ሁለተኛው ዓይነት የሚራባው ክትባቱ ባልተዳረሰበትና ሽንት ቤቱ ባልተሟላበት ቦታ ነው።

ፖሊዮ የሰው ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ ታንዛኒያ ልውሰደው። እ.ኤ.አ. በ1966 በጎምቤ፣ ጄን ጉዳል ቺምፓንዚዎችን ታጠና በነበረበት ደን፣ እንስሶቹ እጅና እግራቸው እየሰለለ ይወድቁ ጀመር። ጥቂቶቹ ሞቱ፤ ጥቂቶቹ አካለ ጎደሎ ሆነው ኖሩ። በዚያው ወቅት በአካባቢው ሰዎች ዘንድ ፖሊዮ ገብቶ ነበር። የላብራቶሪ ማረጋገጫ አልተገኘለትም፤ ግን ምልክቱም ጊዜውም አንድ ነበር። ጉዳል ክትባቱን ሙዝ ውስጥ እየደበቀች ለቺምፓንዚዎቹ አበላች። ይህ ከሆነ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኛ ዛሬም «በሽታ አለባቸው» እንላለን።

ቁልቁለቱ

ለምን ደብረ ሲና? ምክንያቱም ደብረ ሲና ላይ የሚፈሰው ሁሉ ይወርዳል።

ካርታውን በዓይነ ኅሊናችሁ ዘርጉት። ከላይ የመንዝ ደጋ፣ ጓሳ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ። መሐል ላይ ገደሉ፣ ደብረ ሲና ከተማ፣ 2,700 ሜትር ገደማ። ከታች ሸዋ ሮቢት፣ 1,300 ሜትር ገደማ። ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት በመኪና 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በዚያች አጭር መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ እንወርዳለን። ሰው በአንድ ሰዓት ከጋቢ ወደ ካናቴራ ይገባል። ውኃውም እንዲሁ ነው፤ ከገደሉ የሚነሱት ጅረቶች ሮቢ ወንዝ ይገባሉ፣ ሮቢ ቆላውን ያጠጣል፣ ሽንኩርቱን፣ ማሾውን፣ ማንጎውን፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። አፋር ውስጥ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። «ባሕር ይውሰደው» የሚባል ነገር በዚህ ወንዝ ላይ የለም። የለቀቅነው ሁሉ ከእኛው ጋር ይቀራል።

አሁን እዚህ ካርታ ላይ ሽንት ቤት አስቀምጡ። ከተማ ውስጥ ያለው የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው፤ ያልተገነባ፣ አፈሩ የሚመጥጠው። ከገደል ጋር የተጣበቀ ከተማ ላይ ጉድጓድ ስትቆፍር ከታች ያለው ጎረቤትህ ግድግዳ ጋ ነው የምትደርሰው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው፣ ከቦይ ወደ ጅረት ያዞረዋል። የመንገድ ዳር ሆቴሉ፣ የአውቶቡስ ማረፊያው፣ የመኪና እጥበቱ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ጀርባውን ወደ ገደሉ አድርጎ ነው የተሠራው። ወደ ጀርባ ምን እንደሚለቀቅ ለማወቅ አፍንጫ ይበቃል። በእኛ አገር አነጋገር «ፍሳሽ» ማለት ቧንቧ ያለው ነገር ይመስለናል። ደብረ ሲና ላይ ቧንቧው ቁልቁለቱ ራሱ ነው።

ጭላዳ ደግሞ ከዝንጀሮ ሁሉ የተለየ ነው፤ ሣር በል ነው። ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሣሩን በጣቱ እየነጨ፣ ሥሩን እየቆፈረ ወደ አፉ ይልካል። ሌሊት ገደሉ ላይ ያድራል። እኛ ከአፋፉ ላይ የምንለቀው በቀጥታ ማዕዱ ላይ ያርፋል ማለት ነው። ደጋው ደግሞ ብርድ ነው፤ ልብስ የለሹ ቫይረስ ረጅም ዕድሜ የሚያገኘው እዚህ ነው። ቆላው ላይ ፀሐዩ ይረዳናል ብንል እንኳ በጥላ ቦይ፣ በመስኖ ጭቃ፣ ጦጣው በሚጠጣበት ኩሬ ፀሐዩ አይደርስም።

የቆሻሻችን መንገድ የት እንደሚያደርስ ለማየት ማሳይ ማራን፣ ኬንያን ተመልከቱ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ.፣ ከአንድ የቱሪስት ሎጅ ቆሻሻ መጣያ የተበከለ ሥጋ የበሉ ዝንጀሮዎች በሳንባ ነቀርሳ አለቁ፤ ከአንዱ መንጋ ግማሽ የሚጠጉት አዋቂ ወንዶች ሞቱ። ነቀርሳ ባክቴሪያ ነው፣ ቫይረስ አይደለም። መንገዱ ግን አንድ ነው፤ የእኛ ጓሮ፣ የእነሱ ማዕድ። እኛው ዘንድም የባሌ ቀይ ቀበሮ ከሰው ጋር በወጣው ውሻ ምክንያት በእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ አልቋል። ጓሳ ላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አብረው ይውላሉ፤ ተመራማሪዎች እንዳዩት ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሐል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 ጊዜ ብቻ። ጭላዳው ቢታመም ቀበሮውም ራቱን ያጣል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ አዋቂ ቀበሮዎች ናቸው የቀሩት፤ ሁሉም እኛ አገር ናቸው።

«ሰው እያለ ዝንጀሮ?»

ይህን ጉዳይ ለጓደኞቼ ሳነሳ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «አንተ ሰው፣ አገሩ ላይ ሰው እያለቀ ስለ ዝንጀሮ ተቅማጥ ታወራለህ?»

ጥያቄውን አልንቀውም። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገብቶ ደብረ ሲናን ሲጠጋ፣ ሰው ልጁን አዝሎ በዚያው ዳገት ነው የወጣው። ደብረ ብርሃን ያሉት መጠለያዎች በተፈናቃይ ሞልተው አይተናል። አንድ ሺህ ሰው በጥቂት ጉድጓድ ሲጠቀም ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ስለ ጭላዳ ስነግረው ቢቆጣ መብቱ ነው።

ግን ቁጣው የሚያነጣጥረው ቦታ ተሳስቷል። «ሰው ወይስ ዝንጀሮ» የሚለው ምርጫ የሌለ ምርጫ ነው። ከሁለቱ አንዱን የሚያድንና ሌላውን የሚተው ሽንት ቤት ማንም ሠርቶ አያውቅም። ወደ ገደሉ የሚወርደው ሮታ ቫይረስ መጀመሪያ የሚያገኘው ከታች ያለውን ሕፃን ነው፤ ከጅረቱ የምትቀዳዋን ልጅ ነው፤ በዚያ ውኃ የለማ ሰላጣና ቲማቲም የሚበላውን ሰው ነው። ሮታ ብዙ ልጅ ስለገደለብን ነው በ2006 ዓ.ም. ክትባቱ ወደ መደበኛው ፕሮግራም የገባው። ክትባቱ ልጁን ይጠብቃል፤ ጅረቱን ግን አያጸዳም። ጭላዳው እዚህ ታሪክ ውስጥ የተጨመረው ተጎጂ እንጂ የተጎጂዎች ተቀናቃኝ ሆኖ አይደለም።

ደግሞስ ይህን ጉዳይ ዝንጀሮዋ ራሷ ከእኛ ቀድማ ፈትታው የለም? ሰውነቷ ሁሉ እሾህ ተሰክቶባት «የቱን እንንቀልልሽ?» ሲሏት ምን አለች? «መጀመሪያ የመቀመጫዬን።» ቁጭ ካልኩ ሌላውን ራሴ እነቅለዋለሁ ማለቷ ነው። እኛ ግን ስንት ዓመት ሙሉ እጅና ግንባራችን ላይ ያለውን እሾህ ስንነቅል ከረምን። አስፋልት፣ ሕንፃ፣ ኮሪደር፣ ሎጅ፣ አደባባይ። መቀመጫችን ላይ ያለው እንዳለ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «አልተረጋገጠም» የሚለው ነው። ልክ ነው፤ ጣርማ በር ላይ በሰው ፍሳሽ የታመመ ጭላዳ አለ ብሎ የሚምል ሰው አላቀርብም። ግን አስተውሉ፤ ሰው ቫይረስ ለዝንጀሮ ዘመድ ማስተላለፉ ተረጋግጧል። ቫይረሱ በዓይነ ምድር መውጣቱ ተረጋግጧል። ውኃ ውስጥ መቆየቱ ተረጋግጧል። ፍሳሹ ወደ ገደሉ መውረዱን በዓይናችን አይተናል። ጭላዳው እዚያ ሣር መብላቱን ፎቶ አንስተን ለጥፈናል። የሚቀረው ነገር ሬሳ ብቻ ነው። ሬሳ እስኪገኝ የሚጠብቅ ጥንቃቄ ጥንቃቄ አይባልም፤ ለቅሶ መድረስ ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያሉት አባቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነበራቸው።

የተቆጠረውና ያልተቆጠረው

ፍትሐዊ ልሁን፤ አገሪቱ ምንም አልሠራችም አልልም። እ.ኤ.አ. በ1990 ከመቶ 92 ሰው ሜዳ ላይ ነበር የሚጸዳዳው፤ በ2015 ወደ 29 ወርዷል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ ያመጡ አገሮች ጥቂት ናቸው። ይህን የሠሩት በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ እየተሰደቡም፣ ሰውን ጉድጓድ ያስቆፈሩ ሴቶች። ባርኔጣዬን አነሳላቸዋለሁ።

የእኔ ቅሬታ ከእነሱ በኋላ ባለው ላይ ነው። እኛ የቆጠርነው ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ ሲሞላ ምን እንደሚሆን ማን ቆጠረ? የሞላው ጉድጓድ ላይ አፈር ደፍቶ ሌላ መቆፈር ገጠር ላይ ያስኬዳል፤ ከተማ ላይ ቦታ የለም። መምጠጫ መኪና ከመጣስ መጥጦ የት ነው የሚደፋው? ማድረቂያ ከሌለ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፤ ቁልቁለቱ። ቁጥሩ ሲነገር ሁሉም ያጨበጭባል፤ ወንዙ ግን ሪፖርት አያነብም።

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጃፋችን ቆሻሻ እናጨሳለን። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ፣ ሕዝባችንን ከፈጀ ጀምሮ የያዝነው ልማድ ነው። ልማዱን እወደዋለሁ፤ አንድ ሕዝብ ወረርሽኝን ከመቶ ዓመት በላይ እንዲህ ሲያስታውስ ቀላል ነገር አይደለም። ግን እንዴት እንደምናስበውም ያሳያል። የሚጨሰውን እናጨሳለን፤ የሚፈሰውን ዝም ብለን እናፈሳለን።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ከሰማይ የሚወርድ ነገር አልጠይቅም።

አንደኛ፣ አውቶቡሶች በልማድ በሚቆሙበት ቦታ ሁሉ፣ ከጣርማ በር ጀምሮ፣ ውኃ የማያስገባ ጉድጓድ ያለው ሽንት ቤት ይሠራ፤ ጠባቂ ይመደብ፤ አምስት ብርም አስር ብርም ይከፈልበት። ቆሎ የምንገዛበት ገንዘብ አለን። ሥራ የሌለው የአካባቢው ወጣትም እንጀራ ያገኝበታል።

ሁለተኛ፣ ከገደል ጋር የተያያዘ ሆቴልና ሎጅ ፈቃድ ሲሰጠው የመጀመሪያው ጥያቄ «ከጓሮህ የሚወጣው የት ይሄዳል?» ይሁን። የመኝታ ክፍሉ ቁጥር ሁለተኛ ይምጣ። የሴፕቲክ ታንኩ ግንብ በዓይን ይታይ፤ የሚመጠጥበት ቀን ይመዝገብ። ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ ማድረቂያ ቦታ፣ ከወንዝ የራቀ፣ ቆላው ላይ ይዘጋጅ፤ ያ የምንፈራው ፀሐይ እዚያ ሠራተኛችን ይሆናል። ፀሐይና ጊዜ ቫይረስን ያደክማሉ፤ በደንብ የደረቀውም ለማሳ አፈር ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ጭላዳ ለማየት የሚሄድ ሁሉ ርቀቱን ይጠብቅ። ኡጋንዳና ሩዋንዳ ጎሪላ ልታይ ስትሄድ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሜትሮች ርቀህ ትቆማለህ፣ ከታመምክ አትገባም፣ ሆድህ ካስቸገረህ 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ተቆፍሮልህ ትሸፍነዋለህ። እኛ ዘንድ ሰው ጭላዳ መሐል ተቀምጦ ብስኩት እያቀበለ ፎቶ ይነሳል፤ ከዚያ ዞር ብሎ ገደሉ ላይ ይጸዳዳል። ጎሪላ ለማየት ብዙ ዶላር ስለሚከፈል ነው ሕግ ያለው? እንዲያ ከሆነ ሕጋችን የሚከበረው በዶላር ነው ማለት ነው።

ይህን ከውጭ አንቀዳም። መንዝ ላይ ጓሳን የጠበቀው የቄሮ ሥርዓት ነው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ በቀኑ ይከፈታል፤ ያጠፋ ይቀጣል። አውቶቡስም ሎጅም ሳይኖር፣ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት፣ የአገሬው ሰው «ይህ ቦታ የሁላችን ነው፤ ስለዚህ ማንም እንዳሻው አይሆንበትም» ብሎ ተስማምቶ ኖሯል። ለሣር ሕግ ያወጣ ሕዝብ ለዓይነ ምድር ሕግ ማውጣት ያቅተዋል ብዬ አላምንም። የጎደለው አፍረን ዝም ያልነውን ነገር በስሙ መጥራት ነው።

በስሙ እንጥራው እንግዲህ። ሽንት ቤት ጉዳይ ነው። የዱር እንስሳ ጥበቃ ስብሰባ ላይ ስለ ሽንት ቤት የማይወራ ከሆነ ስብሰባው ግማሽ ነው። የጤና ስብሰባ ላይ ስለ ወንዙና ስለ ገደሉ የማይወራ ከሆነ እሱም ግማሽ ነው። ሁለቱ ግማሾች እዚያች ጠርዝ ላይ፣ አውቶቡሱ በሚቆምበት ቦታ ይገናኛሉ።

ያቺ እናት አሁንም ትክክል ናት፤ ልጅ ጭላዳ መጠጋት የለበትም። በሚቀጥለው ጉዞ አጠገቧ ብቀመጥ ግን አንድ ነገር እጨምርላት ነበር፤ «እቴ፣ እነሱም ከእኛ ቢርቁ ይሻላቸዋል፤ ግን መራቂያ ቦታ የላቸውም። ገደል ላይ ነው ያሉት።» ከዚያ ሁለታችንም ወደ ሹፌሩ ዞረን፣ ወደ ሆቴሉ ዞረን፣ ወደ ከተማው አስተዳደር ዞረን፣ ዝንጀሮዋ የጠየቀችውን እንጠይቅ ነበር። መጀመሪያ የመቀመጫችንን።